ከሥር የገባው አልሰመጠም

የተከበራችሁ ቤተሰቦቹ፣ የሥራ ባልደረቦቹ፣ የትናንትናና የዛሬ ተማሪዎቹ፣ ጎረቤቶቹ፤ ሥራችሁን ጥላችሁ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወዳጆቹ ሁሉ፤ በሴት ልጁ ስም አመሰግናችኋለሁ።

ወደ ነገሬ ሳልገባ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁ። እናንተው ናችሁ፤ ከማን እደብቃለሁ? ዛሬ እንዳላረፍድ ፈርቼ አንድ ሰዓት ቀድሜ መጣሁ። በመካነ መቃብሩ በር ስገባ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ሄጄ ተቀላቀልኩ። አለቀስኩ። እንዴት እንዳለቀስኩ ብታዩኝ! አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት መሐረባቸውን ሰጡኝ፣ አቀፉኝ። ትንሽ ቆይተው ጆሮዬ ሥር፣ «ልጄ፣ ለእሷ ምኗ ነሽ?» አሉኝ።

ለእሷ!

የማላውቃትን ሴት አሥር ደቂቃ ሙሉ አልቅሼ ቀብሬያለሁ። አዎ፣ ሳቁ። እሱም ቢሆን ይስቅ ነበር። «አንቺ ወሬኛ፣ መጀመሪያ አጣሪ፤ ከዚያ አልቅሺ» ይለኝ ነበር። ሳያጣሩ ማልቀስ፣ ሳያጣሩ መጻፍ። በሽታዬ ይሄ ነው። ዛሬ እዚህ ጉድጓድ አፍ ላይ ያቆመኝም ይኸው በሽታ ነው።

ለማታውቁኝ፣ እኔ አርብ አርብ በምትወጣው መጽሔት የመጨረሻውን ገጽ የምጽፈው ነኝ። ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ማንን አገባ፣ የማን ድመት የማን ጣሪያ ላይ ወለደች። ብዙዎቻችሁ «እኔ እንኳ አላነበውም» ትሉኝና መልሳችሁ ከነነጠላ ሰረዙ ታወሩልኛላችሁ። ምንም አይደል።

እሱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጋሽ ሚሊሜትር። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። የከርሰ ምድር ትምህርት መምህር ነበር። ሰማዩ ሲጠራ ከዚህ የሚታዩትን እነዚያን ተራሮች እየወጣ፣ ዓለቱን ሰርስሮ የናስ ችካል ይተክላል። ችካሉ ላይ ከሳተላይት ምልክት የሚቀበል መሣሪያ ያቆማል። በዓመቱ ተመልሶ ያችኑ ችካል ይለካል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አንዱ ተማሪ፣ «መምህር፣ ተራራው ዘንድሮ ስንት አደገ?» አለው። «አራት ሚሊሜትር።» «ያቺን ብቻ?» አይሳቅበትም መሰላችሁ? እሱ ግን መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣ «አንተስ ዘንድሮ ስንት አደግህ?» አለው።

የተዋወቅነው የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። አዘጋጃችን «ስለ ተራራ ቀለል ያለ ነገር ጻፊ» ብሎ ላከኝ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ፣ ከፎቶ ኮፒ ክፍሉ አጠገብ ነው። በሩን ስከፍት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ፎጣ ዘርግቶ በሁለት እጁ ወደ መሀል ይገፋል።

«ይቅርታ፣ ልብስ እያጠፍክ ነው እንዴ?» አልኩት።

«ሁለት አህጉር እያጋጨሁ ነው። ያንን ጫፍ ያዢልኝ።»

ያዝኩለት። ቦርሳዬን እንኳ አላስቀመጥኩም። ፎጣዎቹ ተጨማደዱ፣ ተደራረቡ፣ መሀሉ ላይ ጉብ አሉ። ለመሆኑ አህጉር በምን ፍጥነት ይሄዳል ብዬ ጠየቅኩት። ጣቶቼን አየ። ያን ጊዜ ጥፍሬን አሳድጌ ደማቅ ቀይ እቀባ ነበር። «ልክ በጥፍርሽ ፍጥነት» አለኝ። «እስከ ወር አትቁረጪው፤ እንለካዋለን። ያቺው ናት። ግን ሚሊዮን ዓመት፣ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት ሲጠራቀም በመሀል ያለ ባሕር ይዘጋል። ሁለቱ የብስ ግንባር ለግንባር ይገናኛሉ።» ከመሳቢያው ድንጋይ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው። ድንጋዩ ውስጥ የባሕር ዛጎል አለ። «ከተራራው አናት ነው ያመጣሁት። ባሕር ውስጥ የኖረ ፍጥረት ነው። በእግሩ ወጣ እንዳትይኝ።»

በዚያ ቀን ለአንድ ሰዓት ገብቼ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ዋልኩ። ከዚያ በኋላ ጓደኛሞች ሆንን።

አሁን ደግሞ ወደ አንድ ጋራዥ ልውሰዳችሁ።

ጋሽ ሚሊሜትር ታላቅ ወንድም አለው። ባትላሜራ ናቸው። የተጋጨ መኪና፣ የተጨማደደ ብረት ቀጥቅጠው ወደ ነበረበት የሚመልሱ ሰው ናቸው። ሁለቱ ከእናታቸው ጋር በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር፤ በር ለበር። ጋራዡ ከግቢው ጀርባ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጋሽ ሚሊሜትር ደውሎ «ቶሎ ነይ፣ ተራራ ላሳይሽ» አለኝ። ስደርስ አንድ ታክሲና አንድ የዳቦ ማመላለሻ መኪና ግንባር ለግንባር ተጋጭተው፣ እንደተነካከሱ ተጎትተው መጥተዋል።

ታላቅየው መዶሻቸውን በመኪናው ላይ ጣል አድርገው፣ «ና እስቲ አንተ ፕሮፌሰር» አሉት። «ይሄ ኮፈን ሳይጋጭ አንድ ሜትር ነበር። አሁን ስልሳ ሴንቲ ነው። አርባ ሴንቲው የት ሄደ?»

«ጠፋ?» አልኩ እኔ፣ አፌን ማን ይያዘው።

«ብረት ይጠፋል እንዴ እህቴ? እንዲህ ከሆነማ ሥራ ፈታሁ!» ኮፈኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ወደ ላይ ወጣ። ይኸው። እዚህ ጋ ደግሞ ታጥፎ ወደ ታች ገባ፤ ወደ ሞተሩ። ላይ ከምታዪው ታች የተደበቀው ይበልጣል። እኔን የሚያደክመኝም የተደበቀው ነው።»

ጋሽ ሚሊሜትር አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ መጻፍ ጀመረ። ታላቅየው ሳቁ። «ምን ትጽፋለህ? እኔን ነው የምትጽፈው?» «አንተን ነው ጋሼ። ሃያ ዓመት በሰሌዳ ሳስረዳ የኖርኩትን በአንድ ኮፈን ጨረስከው።» እውነቱን ነው። ተራራም ሥር አለው። ከላይ የምናየውን ያህል ብቻ አይደለም፤ ብዙ እጥፍ የሚሆን ዓለት ከሥሩ ወደ ታች ወርዶ ተቀብሯል። ያ ነው ከታች ባለው ከባድ ዓለት ላይ ተንሳፍፎ እንዲቆም የሚያደርገው።

ተማሪዎቹ፣ እናንተ እዚህ ያላችሁት፣ እስቲ መስክሩልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ተራራ ሲያስተምር እንዴት ነበር የሚጀምረው? «ይህን ያስተማረኝ ወንድሜ ነው» ብሎ አይደለም? በየዓመቱ፣ በየክፍሉ። አያችሁ፣ ራሳቸውን የሚነቀንቁትን አያችሁ?

ይህን ያልሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሙ።

ለምን እንዳልሰሙ ልንገራችሁ። እናታቸው ታመሙ። ጋሽ ሚሊሜትር ተራራ ላይ ነበር፤ ስልክ በማይደርስበት። ታላቅየው ጋራዡን ዘግተው አርባ ቀን ከእናታቸው አልጋ አጠገብ ተቀመጡ። አጠቧቸው፣ አበሏቸው፣ አገላበጧቸው። ብቻቸውን። ጋሽ ሚሊሜትር የደረሰው እናታቸው ከተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው። ጫማው ላይ የተራራው ጭቃ ገና አልደረቀም። ታላቅየው ግቢው በር ላይ ጠበቁት፤ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩት። «ተራራህ ስንት አደገልህ?»

ከዚያ ዝም። አንድ ግቢ፣ ሁለት በር፣ ዝም። አንዱ ሲወጣ ሌላው መጋረጃ ይመልሳል።

ዓመት አለፈ። አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ሄድኩ። ፊቱ ደስ አላለኝም። ምነው ስለው፣ እንደ ልማዱ በድንጋይ መለሰልኝ። «አየሽ፣ የባሕር ወለል ከባድ ነው። ከአህጉር ጋር ሲገናኝ ጎንበስ ብሎ ከሥር ይገባል፤ ይሰምጣል፣ ይቀልጣል፣ ነገሩ ያልቃል። አህጉር ግን ቀላል ነው። ሁለት አህጉር ሲገናኙ አንዱም አይሰምጥም። እምቢ ነው። እኔና ጋሼ እንደዚያ ነን። ሁለታችንም እምቢ አልን። በመሀላችን የተከመረውን እይ።» ቀጥሎም፣ «እሑድ ጠዋት በሩን አንኳኳለሁ። የምለውን አዘጋጅቻለሁ» አለኝ።

ይህን የነገረኝ ለጓደኛው ነው። ለጓደኛው! እኔ ግን የአርቡን ገጽ አልሞላሁም ነበር።

ቤቴ ሄጄ ጻፍኩት። ስም አልጠራሁም፤ ግን «አንድ ተራራ ለኪ» እና «አንድ ባትላሜራ» ካልኩ በኋላ ስም ለምን ያስፈልጋል? ጥፋቴ ያ ብቻ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ። ሁለቱም አይሰምጡም የሚለው ነገር አልጣመኝም። ወሬ ተሸናፊ ይፈልጋላ! ስለዚህ ቀየርኩት። የባሕሩን ወለል ወስጄ ለታላቅየው ሰጠሁ። «ከሁለቱ ከባዱ ታላቅየው ነው፤ ከባድ ደግሞ ውሎ አድሮ ይሰምጣል፤ ይህን ያለኝ ታናሽየው ራሱ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አማረልኝ። አዘጋጁም ሳቀ።

ታናሽየው አላለም። አንዲት ቃል አላለም። እኔ ነኝ።

መጽሔቷ አርብ ወጣች። እሑድ ጠዋት ጋሽ ሚሊሜትር አንኳኳ። መጽሔቷን ገና አላያትም። ከውስጥ የወንድሙ ድምፅ መጣ። «ማንን ፈለግክ? ከባዱ ሰውዬ ሰምጧል። የለም።»

ሰኞ ቢሮዬ መጣ። ይጮህብኛል ብዬ ወንበሬ ላይ ተኮማተርኩ። አልጮኸም። እርማት ጽፎ መጥቶ ነበር፤ አንድ ገጽ። «ይህን አውጪልኝ» አለ። «በሚቀጥለው እትም» አልኩት።

በሚቀጥለው እትም የአንድ ዘፋኝ ሠርግ ነበር። በሚቀጥለው እትም ማስታወቂያ በዛ። በሚቀጥለው እትም እኔ ፈራሁ። እርማት ካወጣሁ ሌላውንስ ማን ያምነኛል? ከሦስት ወር በኋላ ጠየቀኝ፤ በሚቀጥለው እትም። ከስድስት ወር በኋላ ጠየቀኝ፤ በሚቀጥለው እትም። «አንተ ራስህ ለምን አትነግረውም?» ብዬ እሱኑ መልሼ ተቆጣሁት፤ ድፍረቴን አያችሁ? «እኔ ብነግረው አሁን ደግሞ በጋዜጠኛ አሳበበ ይላል» አለኝ። «ያላልኩት በመጽሔት ወጥቷል። በመጽሔት ይመለስ።» ሁለተኛው ዓመት ላይ መጠየቁን ተወ። መጠየቁን ሲተው ቀለለኝ። ይህን እየነገርኳችሁ አፍራለሁ፤ ግን ቀለለኝ። ቡና ጋበዘኝ፣ ልጁ ስትመረቅ ጠራኝ፣ ስታመም ጠየቀኝ። አንድም ቀን ፊቱን አላዞረብኝም። ወንድሙን ያሳጣሁት እኔ፣ ጓደኛው ሆኜ ቀረሁ።

ዘጠኝ ዓመት። ተራራው በዚህ መሀል ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሏል።

ልጁ ትናንት ደውላ፣ «አባዬ አንቺ ብትናገሪ ደስ ይለው ነበር» ስትለኝ ምን ልበላት? አይ፣ እኔ አልሆንም ልበላት? እሷም ይህን አሁን ነው ከእናንተ ጋር የምትሰማው። ይቅር በይኝ የኔ ልጅ።

ጋሼ። እዚያ ከግንቡ አጠገብ የቆሙት። እርስዎን ነው። ከቅድም ጀምሮ አይቼዎታለሁ፤ የሥራ ቱታዎን እንኳ አላወለቁም። ሊሄዱ ሲሉም አየሁ። እባክዎ አይሂዱ። እኔን ለመስደብ ጊዜ አለ፤ ሙሉ መብት አለዎት። አንድ ገጽ ብቻ ነው። የእኔ አይደለም፤ የእሱ ነው። ቀስ ብዬ ላንብበው።

«ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል። ባለፈው አርብ በወጣው ጽሑፍ ላይ የሚከተለው ስሕተት ስላለ እንዲታረምልኝ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ሁለት አህጉራት ሲጋጩ ከባድ የሚባል የለም፤ ስለዚህ የሚሰምጥ የለም። ሁለተኛ፣ በአንዳንድ ቦታ አንደኛው አህጉር ከሌላኛው ሥር እንደሚገባ በጥናት ይታወቃል። ከሥር የገባው ግን አልሰመጠም። የላይኛውን ተሸክሞ ነው የቆመው። ከተራራው ጀርባ ያለው ሰፊው ከፍተኛ ሜዳ፣ ከተማችን የተሠራችበት፣ እርሻችን ያለበት ሜዳ ከባሕር ይህን ያህል ርቆ ከፍ ብሎ የተቀመጠው ከሥሩ የተሸከመው ስላለ ነው። ከላይ ያለ ሰው ይህን አያየውም። ሦስተኛ፣ ወንድሜ ይሰምጣል አላልኩም። እናታችን ስትታመም ከሥር ገብቶ የተሸከማት እሱ ነው። እኔ ከላይ ቆሜ ስለካ ነበር። ይህ ሦስተኛው በተለይ እንዲታረምልኝ እለምናለሁ።»

ይኸው ነው። ፊርማው አለ። ቀኑ አለ። ጋሼ፣ ደብዳቤው የእርስዎ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት በእኔ መሳቢያ የቆየ የእርስዎ ደብዳቤ ነው። ሲወጡ ከልጁ ይቀበሉ፤ ከእኔ እጅ መቀበል ካልፈለጉ አልፈርድብዎትም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወደዚህ ስመጣ ቅጂውን ማተሚያ ቤት አድርሻለሁ። ገጼ ላይ ሌላ ምንም የለም። እሱ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ «የዋሸሁት እኔ ነኝ» የሚል፣ ከነሙሉ ስሜ።

ይቅርታ ያደርጉልኛል ወይ? እሱን አልጠየቅሁም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እኔን የማይምሩ ቢሆን እንኳ እሱን ከእኔ ይለዩልኝ። ያ ዓረፍተ ነገር ከእሱ አፍ አልወጣም። ይህን ብቻ ይዘው ቢሄዱ ይበቃኛል።

አሁን ፊቴን ወዳንተ ላዙር። ጓደኛዬ።

ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል መጣሁ። መስኮቱ ወደ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው የሚያየው። ተራራ አይታይም። ስለ ደብዳቤው ትጠይቀኛለህ ብዬ መልስ አዘጋጅቼ መጣሁ። አልጠየቅከኝም። «የጋሼ መዶሻ ይሰማል?» አልከኝ። አልገባኝም። ያን ጊዜ ነው የነገርከኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከአልጋህ ሳትነሳ ከግድግዳው ወዲያ መዶሻቸውን ታዳምጥ እንደነበር። ከቀጠቀጡ ደህና ናቸው። ዘግይተው ከጀመሩ አሟቸዋል። ምቱ የቸኮለ ከሆነ ተናደዋል። «እዚህ አይሰማኝም» አልከኝ። «ሄደሽ ሰምተሽ ንገሪኝ።»

እሺ አልኩ። በማግስቱ መጣሁና «ይሰማል፣ ደህና ናቸው» አልኩህ። ፈገግ ብለህ ተኛህ።

አልሄድኩም ነበር። በግቢያችሁ በር ማለፍ ፈርቼ አልሄድኩም። ሳላጣራ ነገርኩህ። የመጨረሻውንም ሳላጣራ ነገርኩህ።

ደህና ሁን ጋሽ ሚሊሜትር። ደህና ሁን አንተ ድንጋይ ሲያወራ የምትሰማ። ደህና ሁን አንተ በእኔ ውሸት ዘጠኝ ዓመት ዝም ብለህ የኖርክ። የተኛህበት መሬት ዛሬም በሚያድግ ጥፍር ፍጥነት ይገፋል፣ ዛሬም ከፍ ይላል፤ አንተ ነህ ያስተማርከኝ።

ሰኞ ጠዋት ጋራዡ በር ላይ እቆማለሁ። መዶሻው ቢሰማ መጥቼ ይሰማል እልሃለሁ። ባይሰማ አይሰማም እልሃለሁ። ወጥተው ቢያባርሩኝ እንዴት እንዳባረሩኝ፣ ከቃላቸው አንዲት ሳልጨምር፣ አንዲት ሳልቀንስ እነግርሃለሁ። በሩን ከፍተው ስላንተ ቢጠይቁኝም፣ ምን ብለው እንደጠየቁኝ እዚሁ ቆሜ እነግርሃለሁ።